የመሃሉ ዲስክ ማኅተም

ኮምፒውተሩ የነበረው ጎንደር፣ ፒያሳ አጠገብ፣ ጣሊያን በሠራው ወፍራም ግድግዳ ባለው ቤት፣ ፎቁ ላይ ባለው የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ አቧራ እንዳያስገባ ተብሎ አይከፈትም። በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥግ ላይ ያለው፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል የሚጠብቀው ስታብላይዘር ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ያጉመተምታል። መሥሪያ ቤቱ ለሰሜን ጎንደር ደጋ የእርዳታ እህል ያከፋፍል ነበር። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነው፤ ጦርነቱ ገና ከተማው ደጃፍ አልደረሰም፣ ግን ከዳባት ማዶ ያለ አጀብ የሚሄድ ካሚዮን አልነበረም።

እኔ ከአዲስ አበባ የተላክሁ የጋዜጣ ዘጋቢ ነበርሁ። እህሉን ከጫኑት ካሚዮኖች ኮንቮይ ጋር ደባርቅ ወጥቼ፣ እህሉ ለገበሬው ሲታደል በዓይኔ አይቼ እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ኮንቮዩ ግን አልተነሳም። ካሚዮኖቹ ተጭነው ሸራ ለብሰው ቆመዋል። ያልተሟላው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የየገበሬ ማኅበሩ ተረጂዎች ዝርዝር በኮምፒውተር ታትሞ ማኅተም ካላረፈበት፣ ኬላ ላይ ያለው ጦር እህሉን አያሳልፍም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ዝርዝሩን አልሰጥም ብሏል።

ኮምፒውተሩን የምትሠራው ሴት ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ቁስቋም ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እኔም እዚያው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን አብረን እንወርድ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳንጃ ሰሊጥ አጨዳ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ጫካ ገብቷል የሚሉ ነበሩ፤ ሞቷል የሚሉም ነበሩ። እናትየው አንዱንም አልተቀበሉም። መሥሪያ ቤቱ ግን ያመነው የመጀመሪያውን ይመስለኛል። እሷ ስትቀጠር ዋስ አምጪ ተባለችና ዘመድ ሁሉ ሥራ በዛብኝ አለ። በመጨረሻ ዋስ ሆኖ የፈረመላት የማይዛመዳት ሰው፣ የዚያው መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እሱን ጠይቄም አረጋግጬዋለሁ።

ነገሩ የተበላሸው አዲስ ዲስክ ከመጣ በኋላ ነው። ዲስክ የሚባለው የዳቦ ቅርጽ ያለው ግራጫ ሣጥን ነው፤ ከኮምፒውተሩ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በጀርባው ወፍራም ገመድ ይሰካበታል። ቀድሞ አንድ ብቻ ነበር። እሱ ሲሞላ ሁለተኛ ተላከ፤ የደጋው ወረዳዎች፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ ወደ አዲሱ ተዛወሩ። ፕሮግራሙ ያለው አሮጌው ላይ ስለሆነ፣ ዝርዝር ለማውጣት ሁለቱ ባንድ ጊዜ መሥራት አለባቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሠሩ። ከዚያ አዲሱ ዲስክ መጥፋት ጀመረ። አንዴ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ዝርዝሩ ሲከፈት ይሰወራል።

አንድ ቀን ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ የፓርቲ ተጠሪ ወደ ክፍሉ ገባ። ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ጩኸት ቢኖረው ኖሮ እምብዛም ባልፈራነው። ወንበር አልያዘም፤ ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኑን አየ።

«አሮጌው ለብቻው ሲሆን ይሠራል?»

«ይሠራል፣ ጓድ።»

«አዲሱስ ለብቻው?»

«እሱም ለብቻው ጤነኛ ነው።»

«አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይሠሩም።»

«አዎ።»

«ለብቻ ለብቻ ጤነኛ፣ ሲገናኙ በሽተኛ።» «ይኼ የዕቃ ጠባይ ነው የሰው?»

መልስ አልጠበቀም። «ኮንቮዩ ነገ ጠዋት ይነሳል» አለ። «ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ዝርዝሩ ካልወጣ ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል። አሻጥር የሚለውን ቃል እኔ ገና አልጻፍሁትም። ሌላ ሰው ግን ይጽፈዋል።»

ከእጁ የሚወጣ ጉዳይ የት እንደሚገባ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ለአንድ ሰዓት ጥያቄ ተብለው ተጠርተው፣ ቤተሰባቸው ስንቅ እያመላለሰ የከረመላቸውን ሰዎች እኔም አውቅ ነበር። ወንድሙ ጫካ ገባ የተባለ ሰው ደግሞ ለዚያ ጥያቄ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለምሳ ስንወጣ ግቢው በር ላይ ከጃናሞራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠው አገኘናቸው። የማኅበራቸውን ማኅተም በጨርቅ ጠቅልለው ከአንገታቸው ያንጠለጠሉ፣ ዝርዝሩ እንዲወጣ ቀናት የጠበቁ ሰው ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ማኪናይቱ ዛሬም እንደታመመች ናት?» አሏት።

«ትድናለች፣ አያ።»

«ጠበል አስሞከራችኋት?»

«ጠበል ከነካትማ ጭራሽ ትሞታለች።»

«እንግዲያማ ሸጋ መንፈስ አይደለም ያለባት» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። በዚያ ቀን ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሻይ ቤት ውስጥ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። እንጀራውን አልነካችውም።

«ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከትናንት ጀምሮ።»

ጠበቅሁ። ሰው መናገር ሲጀምር ዝም ማለትን ሥራዬ አስተምሮኛል።

«ዲስኮቹ የሚነጋገሩት ተሰልፈው ነው። ከኮምፒውተሩ ወደ አሮጌው፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ፣ ባንድ መስመር። መልእክቱ መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚውጠው ነገር ካጣ፣ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣና ከኋላው ከሚከተለው ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያ ይደረጋል። አንዱ ጫፍ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ እሱ ውስጡ አለለት። ሌላው ጫፍ የመጨረሻው ዲስክ ነው።»

«እሱ ላይ የለም?»

«አለ። ችግሩ መሃለኛውም ላይ መኖሩ ነው። አሮጌው ዲስክ ብቻውን ሳለ ጫፍ ነበር፤ ማቆሚያው ቦታው ነበር። አሁን ግን መሃል ሆኗል። መልእክቱ መንገድ ላይ እያለ ይዋጣል፤ አዲሱ ዲስክ ጋ የሚደርሰው ሹክሹክታ ነው። አንዳንዴ ይሰማዋል፣ አንዳንዴ አይሰማውም። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ከሁለቱ ጫፎች በቀር ማቆሚያ አይኑር።»

«ታዲያ ንቀይው።»

«የታሰረበትን አላየህም?»

አይቼው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ማቆሚያው የክብሪት ቀፎ የሚያክል መሰኪያ ነው፤ ዲስኩ ጀርባ ላይ ይገባል፣ ገመዱ ደግሞ በሱ ላይ ይሰካል። ከዲስኩ ጋር በቀጭን ሽቦ ተጠፍሯል፣ ሽቦው ጫፍ ላይ የንብረት ክፍል የእርሳስ ማኅተም ተጨፍልቆበታል። አዲሱም እንዲሁ። ከንብረት ክፍል የሚወጣ ዕቃ ሁሉ እንዲያ ነበር። የስልኩ እጀታ ከስልኩ፣ የቀለሙ ክዳን ከጠርሙሱ፣ ስቴፕለሩ ከጠረጴዛው ጋር ታስሯል። ከዋሷ በፊት የነበረው የንብረት ኃላፊ ከአንድ የጽሕፈት መኪና ላይ የቀለም ጥቅሉ ጠፍቶበት ተወስዶ አልተመለሰም። ይኼኛው ቦታውን ሲረከብ መጀመሪያ የጠየቀው ሽቦ ነው ይባላል። ተነቃይ ነገር ሁሉ ከአካሉ ጋር ይታሰራል፤ የታሰረውን ያለ ኮሚቴ የቆረጠ ይጠየቃል።

«እውነቱን ብናገር ማቆሚያውን መሃል ላይ ማን አሰረው ይባላል» አለች። «ዋሴን ይወስዱታል። ባልናገር እኔን ይወስዱኛል፣ ቀጥሎም ዋሴ ነውና እሱን። ዝም ብዬ ብቆርጠው ደግሞ ማኅተም ሰባሪ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ ግን እሱ መሆኑን?»

«ሳልነቅለው እንዴት እርግጠኛ እሆናለሁ?»

ምክር መስጠት ልማዴ አይደለም። ያኔ ግን አንድ ነገር አልሁ፦ «ለማንም ከመንገርሽ በፊት ለራሱ ንገሪው።»

የንብረት ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ጆንያና ዘይት ይሸታል። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሽቦ ጥቅል ይፈታ ነበር። የጠና፣ ደልደል ያለ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው» አለችው።

«ተናገሪ ልጄ። ጋዜጠኛ አስከትለሽ ስትመጪ ግን የምሥራች አይመስልም።»

ነገረችው። ለኔ እንደነገረችኝ፣ ገደል ማሚቶውንም ሳትተው። ሽቦውን እየጠቀለለ ሰማት። ስትጨርስ ጥቅሉን አስቀመጠ።

«ስለዚህ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ አይደሉም፤ ማኅተሙ ነው።»

«ማኅተሙን ያደረገው ማን ነው ታዲያ፣ አጎቴ ነው?»

እሱ ቀጠለ፦ «መመሪያው ዕቃ ከነአካሉ ነው የሚል። እኔ አካሉን አሰርሁ። የገዛ አካሉ ይጎዳዋል ብሎ የነገረኝ የለም።»

«እኔም እስከ ትናንት አላወቅሁም።»

«ትናንት ካወቅሽ ለምን አልቆረጥሽውም? ፒንሳ ከሹፌሮቹ ዘንድ አይጠፋም።»

«ይከሱኝ ነበር።»

«አዎ» አለ ሳይሸሽግ። «እከስሽ ነበር።»

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። ስለ እስር የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የጠየቀው ሌላ ነው።

«ቢነቀል የት ይቀመጣል?»

«ምኑ?»

«ማቆሚያው ነዋ። አካል አጣ ማለት እኮ ነው።»

እሱ ኮቱን ለበሰ፣ ከመሳቢያ ፒንሳ አወጣ፣ ከፊታችን ቀድሞ ወደ ተጠሪው ቢሮ ደረጃውን ወጣ። ፊቱን አልቦት ነበር፤ ደረጃው ግን ያን ያህል ረጅም አልነበረም።

ተጠሪው ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ ሰማ። «ማኅተም ለመቁረጥ ሦስት ሰው ያስፈልጋል» አለ። «አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ።» ዓይኑን እኔ ላይ አሳረፈ። ስለ እህሉ ለመጻፍ የመጣሁት ሰውዬ የማኅተም ኮሚቴ አባል ሆንሁ።

ኮምፒውተሩ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ቆምን። ተጠሪው እጁን ኪሱ ከትቶ ተናገረ፦ «እንድታውቁት ያህል። ማኅተሙ ተቆርጦ ማሽኑ ካልሠራ፣ አንድ የነበረው ጥያቄ ሁለት ይሆናል። የሚጠየቀውም ሰው ሁለት ይሆናል።»

«መቁጠር ሥራዬ ነው፣ ጓድ» አለ የንብረት ኃላፊው።

እሷ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ዲስኮች አጠፋች። ዲስኮቹ ሲበሩ የሚያሰሙት ቀጭን ፉጨት አላቸው፤ ያ ፉጨት እየሳሳ ሄዶ እስኪጠፋ ጠበቀች። ስታብላይዘሩ ብቻ ቀረ። አሮጌውን ዲስክ አዞረችና ጀርባውን ወደ ብርሃን አደረገችው። የንብረት ኃላፊው ልታግዘው የዘረጋችውን እጅ መለሰው፦ «ያሰርሁት እኔ ነኝ።» ፒንሳውን አስገባ። የመጀመሪያው ሳተ። በሁለተኛው ሽቦው ቀጭ ብሎ ተቆረጠ፤ የእርሳሱ ማኅተም ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ተንከባለለ። አንስቶ ለተጠሪው ሰጠው። ተጠሪው አየት አድርጎ ለኔ አቀበለኝ። ምን እንደማደርግበት ስላላወቅሁ ያዝሁት።

እሷ የመሰኪያውን ሁለት ጆሮዎች ከፍታ ማቆሚያውን ነቀለች። ገመዱን በቀጥታ ዲስኩ ላይ ሰካች። የመጨረሻውን ዲስክ ማቆሚያ ግን ነካ አድርጋ መጥበቁን አረጋገጠች። ከዚያ አዲሱን አበራች፣ ቀጥሎ አሮጌውን፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን።

ፉጨቱ ተመለሰ። ዲስኮቹ ፊት ላይ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። የአሮጌው ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። የአዲሱ ቦታ ባዶ ነበር። ተጠሪው ሰዓቱን አየ። እኔ የሷን ጀርባ ነበር የማየው። ከዚያ የአዲሱ ስም ወጣ።

ስሙ ከዚህ በፊትም ወጥቶ ጠፍቷልና ያ ማስረጃ አይደለም። ፕሮግራሙን ከፈተች። ጃናሞራን መረጠች። የሁለቱም መብራቶች ባንድ ጊዜ ሲንቀጠቀጡ ቆዩ፤ ያን ያህል ጊዜ ሲበሩ ከዚያ ቀደም አላየኋቸውም። ስሞች ስክሪኑን ሞሉት። ወደ ታች ወረደች፣ ሌሎች ስሞች መጡ፤ እንደገና ወረደች። አልተሰወሩም። ማተሚያውን አዘዘችው፤ ማተሚያው ወፍጮ እንደሚፈጭ እየጮኸ ወረቀቱን መግፋት ጀመረ።

የንብረት ኃላፊው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። መሬት ላይ። ኮቱን አቧራ ስለመንካቱ ሲያስብ አላየሁትም።

ተጠሪው የመጀመሪያውን ወረቀት አንስቶ አነበበ፣ አስቀመጠ። «አሁን ደግሞ» አለ በዚያው በለሆሳስ ድምፁ፣ «የማን አሻጥር ነበር?»

ማተሚያው ስለሚጮህ እሷ የሰማችው አልመሰለኝም ነበር። ሰምታለች።

«ይሠራል እኮ፣ ጓድ።»

«ይሠራል። ግን ለምን እንዳልሠራ ሪፖርት አለብኝ። የብልሽቱ ምክንያት የሚል መስመር አለው። ባዶ ትቼ ብልክ ነገ እኔን ነው የሚጠሩኝ።»

«የኔን ስም ይጻፉ» አለች። «ሳገናኝ ማየት ነበረብኝ።»

«ዝም በይ ልጄ» አለ የንብረት ኃላፊው ከተቀመጠበት። «ማኅተሙ የኔ ነው፤ ቁጥሩም አለበት።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ።» ተጠሪው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን አየህ፣ ጋዜጠኛ?»

መዳፌ ውስጥ ያለውን እርሳስ እንደያዝሁ መለስሁ፦ «ሽቦው ሳይቆረጥ ማሽኑ አይሠራም ነበር። ከተቆረጠ በኋላ ሠራ። ያየሁት ይኼን ነው። ሰው ሆን ብሎ ሲያበላሽ አላየሁም።»

«ያላየኸውን አልጠየቅሁህም።»

«ካየሁት ጋር አብሮ የሚሄድ ስለሆነ ነው።»

ወደ መስኮቱ ሄደ። ከዚያ ሆኖ ግቢው ይታያል፤ ሽማግሌው ገበሬ የማተሚያውን ድምፅ ሰምተው ይሆናል፣ ከተቀመጡበት ተነስተው ቀና ብለው ወደ ፎቁ ያዩ ነበር። ተጠሪው እሳቸውን ያይ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። ከቆይታ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ጽፎ ሲጨርስ አነበበልን፦ «የብልሽቱ ምክንያት፦ የመብራት መዋዠቅ።»

ስታብላይዘሩ ጥግ ላይ ያጉመተምታል። የንብረት ኃላፊው ዓይኑን ወደሱ ወረወረ፣ ወዲያው መለሰ።

«መብራት ወንድም የለውም» አለ ተጠሪው፣ እሷን ሳያያት። ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጋ። «ፈርም።»

«ማኅተሙ ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ እሱ ላይ እፈርማለሁ» አልሁት። «መብራቱ ሲዋዥቅ ግን አላየሁም።»

በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። በተለይ እሷ። አንድ ወረቀት ላይ ባለመፈረሜ የዳነውን ነገር ሁሉ ላፈርሰው እንደምችል ገብቶኛል፤ እጄ ግን ያላየሁትን ለመጻፍ አልሄደችም። ተጠሪው ብዕሩን እንደዘረጋ ቆየ። በመጨረሻ ወረቀቱን አገላብጦ የማኅተሙን መቆረጥ ቃለ ጉባኤ አቀረበልኝ። «እዚህ ላይ ፈርም» አለ። «ያኛውን ብቻዬን እችለዋለሁ።» ፈረምሁ። የእርሳሱን ማኅተም ከእጄ ተቀብሎ ወጣ። እሷን የፈለጋት ሰው አልመጣም፤ በዚያ ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።

በማግሥቱ ኮንቮዩ ተነሳ። ሽማግሌው የታተመውን ዝርዝር ከማኅበራቸው ማኅተም ጋር በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው፣ ካሚዮኑ ላይ ጆንያ ደገፍ ብለው ደባርቅ ድረስ አንቀላፉ። እህሉ ሲታደል አየሁ፤ ያየሁትንም ጻፍሁ። ስለ ዲስኩ አንድ መስመር አልነበረበትም፤ እንዲጻፍ የሚፈልግ ሰውም አልነበረም።

ከደጋው ስመለስ ላያት ወደዚያ ክፍል ወጣሁ። ማተሚያው ይሠራ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ያለው ነገር ዓይኔን ያዘው፦ የተነቀለው ማቆሚያ ከጠረጴዛው እግር ጋር በአዲስ ሽቦ ተጠፍሮ፣ አዲስ የእርሳስ ማኅተም ተደርጎበት ተንጠልጥሏል።

«አካል የሌለው አካል መዝግቤ አላውቅም አለኝ» አለችኝ። «ጠረጴዛው የንብረት ቁጥር አለው፤ እሱ ላይ ይሁን አለ።»

«አይረብሽሽም?»

«ጉልበቴን ይመታኛል።»

ወንበሯን ወደፊት ሳበች። ማቆሚያው ከጠረጴዛው እግር ጋር ተጋጭቶ፣ ያ ሽቦ ሲቆረጥ እንዳለው ቀጭ አለ። እሷም ቀና ብላ በሩን አየች፤ ማንም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።